መርፌውን የያዘ እጅ ፕሮቡንም ይያዝ፦ ስለ ሳንባ አልትራሳውንድ ሥልጠናው

ቀጥታ ልግባ። ስታዲየም አካባቢ የሚሰጠው የሁለት ቀን የሳንባ አልትራሳውንድ ሥልጠና ጥሩ ነው። ሐኪም ከሆናችሁና ከደረት ውሃ የምትቀዱ (በሳንባና በደረት ግድግዳ መሃል የተጠራቀመውን በመርፌ የምታወጡ) ከሆነ ሂዱ። ግን ሰርተፍኬቱን ይዛችሁ ስትወጡ “በቃ፣ ቻልኩበት” እንዳትሉ። አዘጋጆቹም እንዲህ የሚያስብል ወረቀት ባይሰጡ ደስ ይለኛል። ትልቁ ቅሬታዬ እሱ ነው። በስም አልጠራቸውም፤ የምወቅሳቸው እንዲያሻሽሉት ፈልጌ ነው።

እኔ ከተማ መሃል ባለ የመንግሥት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የምሠራ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ። ትንፋሽ አጥሮት፣ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ያደረ ሰው በየጊዜው ይመጣብናል። ኤክስሬይ ይነሳል። አንዱ ጎን ነጭ ሆኖ ይወጣል። ቤተሰብ “ሳንባው ውሃ ቋጥሯል አሉን” እያለ ከሌላ ጤና ጣቢያ የተጻፈ ወረቀት ያሳየናል። ቲቢ ሊሆን ይችላል። የሳንባ ምች ያመጣው መግል ሊሆን ይችላል። ልብ ደክሞ ወይም ካንሰር ኖሮ ሊሆን ይችላል። ለመለየት ውሃውን መቅዳት ግድ ነው።

ብዙ ቦታ የሚሠራው እንዲህ ነው። ሕመምተኛው ራዲዮሎጂ ይላካል። እዚያ አልጋ ላይ ተኝቶ ይታያል። ውሃው ያለበት ቦታ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት ይደረግለታል። ከዚያ በዊልቸር ወደ ዋርድ ይመለስና ወረፋ ይጠብቃል። ተራው ሲደርስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ጠረጴዛ ተደግፎ፣ ምልክቱ ላይ ይወጋል። ምልክቱ ግን የተደረገው ተኝቶ ሳለ ነው። ሲቀመጥ ውሃው ወደ ታች ይወርዳል። ደረትን ከሆድ የሚለየው ጡንቻ፣ ዲያፍራሙም፣ ቦታውን ይቀይራል። ክንዱን ወደ ፊት ሲዘረጋ ቆዳው ራሱ ጎድኑ ላይ ይንሸራተታል። ምልክቱ እንዳለ ነው፤ ከሥሩ ያለው ግን ሌላ ሆኗል። የብሪታኒያ የደረት ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው መመሪያ ውሃው በጣም ብዙ ካልሆነ በቀር እንዲህ ዓይነቱን አሠራር እንደማይመክር ጽፏል። እኛ ጋ ዛሬም አለ።

ነገሩ ቀላል አይደለም። የእንግሊዝ የታካሚዎች ደኅንነት ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2008 ማስጠንቀቂያ ያወጣው ከ2005 መጀመሪያ እስከ መጋቢት 2008 ባለው ጊዜ ከደረት ቱቦ ጋር የተያያዘ 12 ሞትና 15 ከባድ ጉዳት ሪፖርት ተደርጎለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ሐኪሞች በእጅ ምርመራና በኤክስሬይ ብቻ የመረጧቸውን የመውጊያ ቦታዎች በአልትራሳውንድ አረጋገጠ። 15 በመቶው ስህተት ሆኖ ተገኘ። መርፌው ውሃውን ትቶ ሳንባ፣ ጉበት ወይም ጣፊያ ሊያገኝ ይችል ነበር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራም አለ። ያለ አልትራሳውንድ ውሃ ከተቀዳላቸው 9.3 በመቶው ከሳንባቸው ውጭ፣ ደረታቸው ውስጥ፣ አየር ገብቶባቸዋል። በአልትራሳውንድ ሲሆን 4 በመቶ ነው። እነዚህን ቁጥሮች አሠልጣኞቹ የመጀመሪያውን ቀን ጠዋት አስቀመጡልን። አዳራሹ ውስጥ ስልኩን የሚነካካ ሰው አልነበረም።

ስለ ቦታው ባጭሩ። አዳራሹ ስታዲየም ባቡር ጣቢያ ወርዳችሁ በእግር የሚደረስ ነው። የመኪና ማቆሚያ ችግር ስላለ በባቡር መምጣት ይሻላል። ፕሮጀክተሩ ደህና ነው። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ስለነበር ምሳው በየዓይነቱ ነበር፤ ጥሩ ነው፣ ሽሮው በተለይ። ክፍያው ግን ለመንግሥት ሐኪም ይከብዳል። የወር ደሞዛችንን ሩብ የሚወስድ ነው፤ ለሬዚደንትና ለክልል መጪ ቅናሽ የለውም። ከጎኔ የተቀመጠው ልጅ ከወለጋ አውቶቡስ ተሳፍሮ ነው የመጣው። የአልጋ ኪራዩን ጨምሩበት።

የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ነው። መሪ አሠልጣኙ እዚሁ የሠለጠነ የሳንባ ስፔሻሊስት ነው። ይህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ጥቁር አንበሳ ላይ የሳንባና የጽኑ ሕሙማን ሕክምና ፌሎውሺፕ እስኪጀመር ድረስ ይህን ሙያ ፈልጎ አገር ውስጥ መማር አይቻልም ነበር። አሁን አስተማሪያችን የኛን ዋርድ ያውቃል። የኛን የመብራት መቆራረጥ ያውቃል። ጄል ሲያልቅ ምን እንደምናደርግም ያውቃል። ስላይዱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ጥያቄና ውይይቱ ግን በአማርኛ ነው። ሰው የማያውቀውን ነገር በነፃነት የሚጠይቀውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

አየር ያለበት ሳንባ በአልትራሳውንድ አይታይም ይባል ነበር። ፈረንሳዊው ሐኪም ዳንኤል ሊሽተንስታይን ዕድሜውን የሰጠው ይህን ለመለወጥ ነው። ብሉ ፕሮቶኮል የሚባለውን እ.ኤ.አ. በ2008 አሳተመ። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ደረቱ ላይ የተወሰኑ ቦታዎችን በማየት ብቻ ምክንያቱን በፍጥነት ማጥበብ እንደሚቻል አሳየ። አሠልጣኛችን ታሪኩን ቶሎ አልፎ ወደ ሥራው ገባ፤ ትክክል አደረገ።

ሥራው የሚጀምረው ከዲያፍራም ነው። “ውሃ አትፈልጉ፣ መጀመሪያ ዲያፍራሙን ፈልጉ” አለ። ደጋግሞ ነው ያለው። በቀኝ በኩል ጉበት፣ በግራ ጣፊያ ይታያል፤ ከላያቸው ብሩህ ሆኖ የሚታየው፣ ከትንፋሽ ጋር የሚወጣና የሚወርደው ዲያፍራም ነው። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፕሮቡን (ደረት ላይ የሚደረገውን የማሽኑን መዳሰሻ) ዝቅ አድርጎ ያስቀምጥና በጉበትና በኩላሊት መሃል ያለውን መስመር ዲያፍራም ነው ብሎ ያምናል። መርፌው ሆድ ውስጥ የሚገባው እንዲህ ሲሆን ነው።

ሁለተኛው የወደድኩት የአከርካሪው ምልክት ነው። ጤነኛ ሰው ላይ ከዲያፍራም በላይ አከርካሪ አይታይም፤ ሳንባው አየር ስለሆነ የአልትራሳውንዱን ድምፅ ይመልሰዋል። ውሃ ካለ ግን ድምፁ ያልፋል፤ አከርካሪው ከሆድ ተነስቶ ደረት ውስጥም ይቀጥላል። አንዴ ካያችሁት ትንሽ ውሃ እንኳ አያመልጣችሁም። ቀጥ ብሎ በተነሳ ኤክስሬይ ላይ ውሃ በግልጽ እንዲታይ 200 ሚሊ ሊትር ያህል መሆን አለበት። አልትራሳውንድ 20 ሚሊ ሊትር ያህሉንም ያሳያል። መታየቱ ግን ይቀዳ ማለት እንዳልሆነ ጨምሮ ነገረን፤ ይህን ባይል ኖሮ ቅር ይለኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ የበግ ጎድን መጣ። ጾም ስለሆነ አካባቢው ያለ ሉካንዳ ዝግ ነው። አዘጋጆቹ መርካቶ ካለ የሙስሊም ሥጋ ቤት አስቀድመው አዝዘው ነበር። ጎድኑ ትሪ ላይ ተዘርግቷል። ከሥሩ ውሃ የተሞላ የቀዶ ሕክምና ጓንት አለ። እዚህ ድረስ ሌላ ቦታም አይቻለሁ። ይህን ሥልጠና የለየው ቀጭኑ የግሉኮስ ቱቦ ነው። በእያንዳንዱ ጎድን ታችኛ ጠርዝ ሥር፣ የደም ሥሩ ባለበት ቦታ፣ ቀይ ቀለም የተሞላ ቱቦ በክር ታስሯል። መርፌውን ከላይኛው ጎድን ሥር አስጠግቶ ያስገባ ሰው ስሪንጁ ቀይ ይሆንበታል። ከታችኛው ጎድን የላይኛ ጠርዝ ተንተርሶ የገባ ንጹሕ ውሃ ያገኛል። በመጽሐፍ ስንት ዓመት ያነበብነው ነገር ነው። ቀዩ ስሪንጅ ውስጥ ሲወጣ ግን አዳራሹ በሙሉ ፀጥ አለ። ልምምዱን የምትመራው አሠልጣኝ ቀጠለች፦ “ወደ ጀርባ አጥንት ስትጠጉ ደም ሥሩ በጎድን አልተሸፈነም፤ በመሃል ነው የሚሄደው። ሽማግሌ ላይ ደግሞ ይጠማዘዛል። ከአከርካሪው ራቁ።” ከዚያ ቀጥ ያለውን ፕሮብ አንስታ፣ ዶፕለሩን ከፍታ፣ ፈቃደኛ በሆነ አንድ ሰልጣኝ ጀርባ ላይ ደም ሥሩን በቀለም አሳየችን። ከመውጋታችሁ በፊት ይህን ለማየት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ሁለተኛው ቀን ሆስፒታል ነው። እውነተኛ ታካሚ፣ እውነተኛ ዋርድ። ቡድናችን የደረሰው በዕድሜ የገፉ አባት ጋ ነው። አሠልጣኟ መጀመሪያ አልጋቸው አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች። “አባባ፣ እነዚህ ሐኪሞች ሊማሩ ነው የመጡት። አልፈልግም ካሉ ምንም አይደለም፣ ሕክምናዎ አይጓደልም” አለቻቸው። “ይማሩ እንጂ ልጄ፣ ነገ ለሌላው ይሆናል” አሉ። ቀዝቃዛው ጄል ሲነካቸው ግን ዘለል አሉ። ጄሉን በመዳፍ ማሞቅ ማንም አላሰበም ነበር፤ ነርሷ ናት ጠርሙሱን ወስዳ በብብቷ ያቆየችው።

ፕሮቡ እጄ ላይ ነበር። ውሃው በደንብ ይታያል። ውስጡ ግን በቀጫጭን ክሮች የተከፋፈለ ነው፤ ትንፋሽ ሲስቡ ክሮቹ ይወዛወዛሉ። ይህን ክፍልፋይ ሲቲ ስካን እንኳ አልትራሳውንድን ያህል አያሳይም። ኤክስሬዩማ አንድ ነጭ ነገር ነው ያሳየን። ቦታ መረጥኩ። “ዶክተር፣ እጅሽን አታንሺ። ቆዪ። አባባ፣ አሁን ትንፋሽዎን ሙሉ በሙሉ ያስወጡልን” አለች። ሲያስወጡ ጉበታቸው ከታች ብቅ ብሎ በትክክል እኔ የመረጥኩት ቦታ ላይ መጣ። ሲስቡ ተመልሶ ወረደ። እንደገና አስወጡ፤ እንደገና መጣ። አንድ ጎድን ወደ ላይ ወጣንና እዚያም ከትንፋሽ ጋር ተመለከትን። እዚያ ውሃ ብቻ ነው። ከቆዳ እስከ ውሃው ያለውን ርቀት ለካን፤ መርፌው ምን ያህል እንደሚገባ አወቅን። ከዚያ ማንም ከቦታው ሳይንቀሳቀስ፣ አባባ በተቀመጡበት፣ ማደንዘዣ ተሰጣቸውና ተቀዳላቸው። 1.5 ሊትር ሳይሞላ ማሳል ጀመሩ። አሠልጣኟ ወዲያው አስቆመችው። ሳንባ ታፍኖ ቆይቶ በአንዴ ሲነፋ ራሱ ውሃ ሊያዝል ይችላል፤ ሳሉ የመጀመሪያው ምልክት ነው።

ይህ ነው የሥልጠናው ልብ። ያየው ሰው ነው የወጋው፤ ባየበት ቦታ፣ ባየበት አቀማመጥ፣ ባየበት ደቂቃ። እስክሪብቶ አላስፈለገም።

ያልጠበቅሁት ነገር የባዮሜዲካል ቴክኒሻኑ ክፍለ ጊዜ ነው። ፕሮግራሙ ላይ በትንሽ ፊደል የተጻፈ ነበር። ሰውየው ግማሽ ሰዓት ብቻ ተሰጠው፤ እኔ ግን ወደ ዋርድ ስመለስ በየቀኑ የምጠቀምበት የሱን ነው። ፕሮብን በአልኮል አትጥረጉ አለን፤ የብዙዎቹን ፕሮቦች ፊት ያደርቀዋል፣ ይሰነጣጥቀዋል። አምራቹ የፈቀደውን ማጽጃ ተጠቀሙ፤ ጄሉን ሳይደርቅ በለስላሳ ጨርቅ አንሱት። ፕሮብ አንዴ ከወደቀ ውስጡ ያሉት ቅንጣት ክሪስታሎች ሊሞቱ ይችላሉ። ስክሪኑ ላይ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ጥቁር መስመር ይታያል፤ ብዙ ሰው የጎድን ጥላ እየመሰለው ይሠራበታል። እንዴት እንደሚለይም አሳየን። የወረቀት መያዣ ሽቦ ቀና አደረገ፤ ያለ ጄል በፕሮቡ ፊት ላይ ከዳር እስከ ዳር ቀስ አድርጎ ጎተተው። ሽቦው በሄደበት ሁሉ ስክሪኑ ላይ ብርሃን ይከተለዋል። የሞተው ቦታ ላይ ሲደርስ ብርሃኑ ይጠፋል። አንዱ ሰልጣኝ የሆስፒታሉን ፕሮብ ይዞ መጥቶ ነበር፤ እዚያው ላይ ተሞከረ፣ እዚያው ላይ ጥቁሩ ቦታ ተገኘ። ለዚህ ሰው ሙሉ ከሰዓት ስጡት።

አሁን ወደ ቅሬታዬ።

የመጀመሪያው፣ ትምህርቱ ውስጥ ያለው ሕመምተኛ የኛ አለመሆኑ ነው። ምሳሌዎቹ አብዛኞቹ የልብ ድካምና የካንሰር ናቸው። እኛ ጋ በወጣት ሰው ላይ አንድ ጎን ውሃ ሲገኝ ቀድሞ የሚታሰበው ቲቢ ነው። ቲቢ ደግሞ ፕሉራውን (ሳንባንና የደረትን ግድግዳ የሚሸፍነውን ስስ ሽፋን) ያጣብቀዋል፣ ያወፍረዋል። ይህ ለአልትራሳውንድ ትልቅ ነገር ነው። ሳንባ ከደረት ግድግዳ ጋር ሲንሸራተት ካልታየ “አየር ገብቷል” ተብለን ተምረናል። ድሮ ቲቢ ታክሞ ፕሉራው የተጣበቀ ሰው ላይ ግን ሳንባው አየር ሳይገባም አይንሸራተትም። ይህን ያልተነገረው ሐኪም ትንፋሽ ያጠረው ሰው ላይ ቸኩሎ የአየር ማውጫ ቱቦ ቢያስገባ ቱቦው የተጣበቀውን ሳንባ ራሱን ሊበሳ ይችላል። መፍትሔው አለ። የሚንሸራተተውና የማይንሸራተተው የሚገናኙበትን ነጥብ መፈለግ ነው፤ እሱ ከተገኘ አየር ገብቷል ማለት ነው። ቢ-ላይን የሚባሉት ቀጥ ብለው የሚወርዱ መስመሮች ወይም ከልብ ምት ጋር የሚርገበገብ ሳንባ ከታየ ደግሞ እዚያ ቦታ ላይ አየር የለም። ይህ ሁሉ አንድ ስላይድ ነው የተሰጠው፤ እሱም ከምሳ በፊት፣ በጥድፊያ። ለኛ አገር ሐኪም ግን የግማሽ ቀን ትምህርት ነው።

ሁለተኛው ማሽኑ ነው። የመጀመሪያው ቀን የተለማመድነው በአዲስ፣ በውድ፣ ሥዕሉ እንደ መስታወት በጠራ ማሽን ነው። ወደ ቤት ስንመለስ የሚጠብቀን ለእርግዝና ክትትል የተገዛ፣ ቁልፎቹ የደበዘዙ ማሽን ነው። ጥልቀቱን የት እንደምቀይር፣ ለሆድ የተዘጋጀውን ፕሮግራም እንዴት ለደረት እንደምጠቀምበት በሱ ላይ ባየሁት ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ፕሮብ ዙሪያ የተሰበሰበው ሰውም በዛ። ከኋላ የቆመ ሰው ያየው የፊተኛውን ትከሻ ነው። የልምምዱ ሞዴሎችም ጤነኛ ወጣቶች ነበሩ፤ ጤነኛውን ማወቅ ያስፈልጋል፣ ግን ውሃ የሌለበት ደረት ላይ ውሃ መቅዳት አይለመድም።

ትልቁ ግን ሰርተፍኬቱ ነው። ሁለተኛው ቀን ማታ ፎቶ ተነሳን፤ ወረቀቱ ተሰጠን፤ ለሙያ ፈቃድ እድሳት የሚያዘው ነጥብም ተመዘገበልን። ወረቀቱ ላይ በአልትራሳውንድ የታገዘ የደረት ውሃ መቅዳትን “ብቁ ሆኖ አጠናቋል” ይላል። ቡድናችን ውስጥ ግን መርፌ ሳይነኩ የወጡ አሉ። የብሪታኒያው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው የሥልጠና ደረጃ ኮርስ መውሰድ መነሻ ብቻ ነው። ሠልጣኙ የሠራቸውን እየመዘገበ፣ የሚያውቅ ሰው እያየው ይለማመዳል፤ በመጨረሻም ሲሠራ ታይቶ ይመዘናል። ደረጃም አለው፤ ለድንገተኛ የሚበቃ አለ፣ ራሱን ችሎ የሚሠራ አለ፣ የሚያስተምር አለ። እኛም ወረቀቱ ላይ “ተሳትፏል” ተብሎ ቢጻፍና “ብቁ ነው” የሚለው ክትትሉ ሲያልቅ ቢሰጥ ማንም አይጎዳም። የወረዳ ሆስፒታል ሜዲካል ዳይሬክተር ያንን ወረቀት አይቶ ነው “አንተ ሠልጥነሃል፣ ግባ” የሚለው። ከወለጋ የመጣው ልጅ ከጎኑ የሚጠይቀው ሰው የለውም።

ክትትል ጭራሽ የለም ማለት ግን አይደለም። የቴሌግራም ግሩፕ ተከፍቷል። የታካሚው ስም የሌለበት ቪዲዮ እንልካለን፤ አሠልጣኞቹ ማታ ላይ፣ ከሥራ ደክመው ገብተው፣ ይመልሳሉ። ያለ ክፍያ ነው የሚያደርጉት። ባለፈው አንዱ የላከው ላይ “ያ ዲያፍራም አይደለም፣ ኩላሊት ነው፣ ሁለት ጎድን ወደ ላይ ውጣ” ተብሎ መልስ ሲሰጠው አየሁ። መርፌ ሳይነሳ ነው የደረሰለት። አከብራቸዋለሁ። ነገር ግን ቪዲዮ ላይ የእጅ አያያዝ አይታይም፤ ፕሮቡ ወዴት እንዳዘነበለ አይታይም። ኔትወርክ ሲቋረጥም መልሱ ለነገ ያድራል።

ስለዚህ ለሚመዘገቡ የምመክረው፣ ብቻችሁን አትሂዱ። ከአንድ ዋርድ ሁለት ሐኪም፣ ከተቻለም አንድ ነርስ ሁናችሁ ሂዱ። ታካሚውን የምታስቀምጠውና የምትደግፈው ነርሷ ናት፤ ለምን መንቀሳቀስ እንደሌለበት ካወቀች ግማሹ ሥራ ተሠራ። የራሳችሁን ፕሮብ ይዛችሁ ሂዱ፣ ቴክኒሻኑ ይመርምርላችሁ። ከመክፈላችሁ በፊት በአንድ ፕሮብ ስንት ሰው እንደሚመደብና ሁለተኛው ቀን ስንት ታካሚ እንደሚኖር ጠይቁ።

ለአዘጋጆቹ ደግሞ ግሩፑ ላይ የጻፍኩትን እዚህም ልድገመው። በሳምንት አንድ ከሰዓት፣ ከተማ መሃል ባለ አንድ ሆስፒታል፣ ሰልጣኝ መጥቶ አሠልጣኝ እያየው የሚሠራበት ሰዓት ይኑር። አዲስ ማሽን አይጠይቅም፣ አዳራሽም አይጠይቅም። ታካሚዎቹ ዋርዱ ውስጥ አሉ፤ ለወትሮም ውሃ ሊቀዳላቸው ወረፋ ይዘዋል። እኔ ከተረኛነት ስወጣ ለመምጣት ዝግጁ ነኝ፤ ከግሩፑም ብዙዎች እጃቸውን አንስተዋል። ለሆስፒታል ፈቃድ የሚያስፈልገውን ደብዳቤ ለማርቀቅም ተስማምተናል፤ ፊርማ የሚጠበቀው ከእናንተ ነው።